ጭን ላይ የሚተኛ ጊታር

እኛ ጋ ጊታር ማለት ፀጉሩን ያሳደገ ልጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ፎቶ የሚነሳበት እቃ ነው፣ መጫወቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደሴ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በግራ እጁ ብረት ይዞ ክሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትት ከታየ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ «ነክቶታል» ይላል፣ ግማሹ «አይ፣ ፕሮሰስ ላይ ነው፣ ሊወጣ ነው» ይላል። እኔ አልነካኝም፣ ፕሮሰስ ላይም አይደለሁም። ላፕ ስቲል ጊታር ያለኝ ሰው ነኝ፣ ያውም ሁለት።

ለማያውቀው ላስረዳ። ይሄ ጊታር ጣት ክሩን ግንዱ ላይ ተጭኖ አይጫወተውም። ክሮቹ ከፍ ብለው ነው የተወጠሩት፣ ከስራቸው ያሉት መስመሮች ለዓይን ብቻ የተሰመሩ ናቸው፣ የት እንዳለህ ያሳዩሃል እንጂ ማንም አይነካቸውም። አንዲት ድፍን ለስላሳ ብረት አለች፣ እሷን ክሩ ላይ አሳርፈህ ታንሸራትታለህ፣ ቀኝ እጅ ይመታል፣ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው አይዘልም፣ መሀል ያለውን ሁሉ እየነካካ ነው የሚደርሰው። ብረቷ አንድ ሚሊሜትር ከመስመሩ ካለፈች ጎረቤት ሳይቀር ያውቃል። ጎረቤታችን ሐጂ እናቴ ጋ ቡና ሊጠጡ መጥተው ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ማልቀሱንስ ያውቅበታል፣ ምን እንዳደረግከው ግን ንገረን» ብለው ነው የወጡት።

ታሪኩ ደግሞ ቀላል ታሪክ አይደለም። ነገሩን ያመጣው ጆሴፍ ኬኩኩ የሚባል የሃዋይ ልጅ ነው፣ በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጨረሻ ገና ተማሪ እያለ ጊታር ላይ ብረት ማንሸራተት ጀመረ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር፣ አሜሪካኖች እዛ የሃዋይ ሙዚቃ ሰሙና አበዱ። ከዛ ባንዱ ሲበዛ አዳራሹ ሲሰፋ የጊታሩ ድምፅ አልሰማ አለ፣ ጆርጅ ቢቻም የሚባል ሙዚቀኛ በክሩ ዙሪያ ማግኔት አድርጎ ፒክአፕ ሰራ (መኪናው አይደለም፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ለስፒከር የሚያቀብል እቃ ነው)፣ 1932 ላይ ገበያ ወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም የተቀለጠ፣ ክብ ሆድ ረጅም አንገት፣ ሰው «መጥበሻው» ብሎ ጠራው። እና ልብ በሉ፣ ገበያ ላይ የተሳካለት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር ይሄ ጭን ላይ የሚተኛው ነው፣ ያ ሁሉ እየዘለለ የሚጫወተው ሮከር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ስሙ የገነነው ሊዮ ፌንደር ራሱ በ1945 ከሸሪኩ ጋር ስራ ሲጀምር የሚሰራው ላፕ ስቲል ነበር። ይሄን ሁሉ ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ለጓደኞቼ በስሜት ሳስረዳ አንዱ ስልኩን እየነካካ «እና ተኝቶ ከጀመረ ማነው የቀሰቀሰው?» አለኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

የኔን የሚሰራው ሰውዬ አሜሪካ ነው ያለው። ፋብሪካ የለውም፣ ጋራዡ ውስጥ ከአንድ ረዳት ጋር ነው የሚሰራው። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ይሄን ጊታር እምብዛም ዞር ብለው ስለማያዩት አዲስ ነገር የሚያስብለት እንደሱ ያለ እንቅልፍ የሌለው ሰው ብቻ ነው። ጭንቅላቱን ቆርጦ ጥሎታል (የጊታሩን ነው)፣ መቃኛዎቹን ወደ ታችኛው ጫፍ አምጥቷቸዋል፣ ስለዚህ እቃው አጭር ሆነ። ፒክአፑ በጎን ተስቦ ይወጣና በሌላ ይቀየራል፣ ብየዳ የለ ምን የለ። ከመዳፍ ስር ደግሞ ትንሽዬ ማንሻ አለች፣ ስትጫናት አንዱን ክር ብቻ ለይታ ግማሽ ድምፅ ከፍ ታደርገዋለች፣ ስትለቃት ቦታው ይመለሳል። ይቺ ማንሻ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

የትንሽ ሰሪ ጥሩነቱ መልእክት ስትልክለት ራሱ ነው የሚመልስልህ፣ የእንጨቱን ፎቶ ይልክልሃል፣ የልጁን ልደት ሳይቀር ይነግርሃል። ችግሩም እሱ ራሱ ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል» ሲለኝ ሰውዬው ፈረንጅ መሆኑን ረስቼ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በር ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ፣ ልክ ተወስዷል፣ ቀብድ ተከፍሏል፣ በዓሉ ደርሷል፣ ልብሱ ገና ጣቃው ላይ ነው። ልዩነቱ የኛው ልብስ ሰፊ ይደበቅሃል፣ ያኛው ግን እያብራራ ነው የሚያዘገይህ፣ ማንሻዋን ላሻሽላት ብዬ ነው፣ ስፕሪንጓን ልቀይር ብዬ ነው ይልሃል። በመጨረሻ ሲልክልህ ደግሞ «ከዚህ በኋላ የምሰራው ይሄ ነው» ብሎ የሌላ ጊታር ፎቶ አብሮ ይልክልሃል፣ ያንተ መንገድ ላይ እያለ አርጅቶልሃል።

ከሁሉም የከበደው ግን የአክስቴ ሻንጣ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሀያ ሶስቱ ኪሎ ትኬት ሳይቆረጥ በፊት ተከፋፍሎ ያልቃል፣ የአያት መድኃኒት፣ የሙሽራ ጫማ፣ ለማን እንደሆነ የማይታወቅ ሻምፖ። እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁት።

«የኔ ጌታ፣ ያ የጠየቅከኝ ነገር ስንት ኪሎ ነው?»

«ሶስት ተኩል ቢሆን ነው አክስቴ።»

«ሶስት ተኩል! ሶስት ተኩል እኮ የአጎትህ ጫማና የእናትህ ሽቶ ነው። ደሞ ምንድነው እሱ፣ ጊታር አይደል? ጊታር አዲስ አበባ ጠፋ እንዴ?»

«ይሄ ለየት ያለ ነው፣ ጭን ላይ ነው የሚተኛው።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። «ደህና ነህ ግን?» አለችኝ። ጊታሩ መጣ፣ ጫማው ቀረ። አጎቴ ከዛ ወዲህ ሰላም የሚለኝ እግሩን እያየ ነው።

ከዛ ዋጋ አለ። ውጭ ሀገር ሰው እቃ ሲያይ ምን እንደሚሰራ ይጠይቃል አሉ፣ እኛ ጋ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ገዛኸው?» ነው፣ ሁለተኛው «ተሸወድክ» ነው፣ እሱ ጥያቄም አይደለም። ስለዚህ ማንም ልምድ ያለው የደሴ ሰው ለእቃው ሁለት ዋጋ ያዘጋጃል፣ የቤት ዋጋና የውጭ ዋጋ። የቤቱ ዋጋ ለሚስት የሚነገረው ነው፣ ዝቅ ይላል፣ እንደውም «ሰውዬው በስጦታ ነው ማለት ይቻላል የሰጠኝ» ዓይነት ነገር ይሆናል። የውጭው ለጓደኛ ነው፣ እሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚኖረው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ነገሩ ከባድ ሆኗል፣ በዶላር ስትነግረው ሁሉም ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ የዕለቱን ምንዛሪ አባዝቶ ይጨርስና «በዚህ እኮ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ይሆናል» ይልሃል። ሁለቱ ዋጋዎች አንድ ሰርግ ላይ ድንገት ተገናኙ፣ ሚስቴ ከጓደኛዬ ሚስት ጎን ተቀምጣ ነበር፣ ስለዛ ማታ ብዙ አላወራም።

ሁለተኛው ጊታር ሲመጣ ግን እሷም ዋጋ መጠየቅ ትታ ነበር። እየዞረች አየችውና «ስንት ጭን ነው ያለህ?» ብቻ አለችኝ። ሞከርኩ፣ አንደኛው እንጨት ነው ሁለተኛው አልሙኒየም፣ ድምፃቸው አይገናኝም፣ ቅኝት መቀያየር ደግሞ ክር ይበጥሳል አልኳት። ብዙ ጊታር ያለው ሰው በሙሉ እንዲህ ነው የሚያወራው፣ ብዙ የሚጫወተው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ያለው ነው፣ እሱን ግን ለሷ አልነገርኳትም።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ሰው ምን አገናኘህ ከሃዋይ ይለኛል። ወሎ ቁጭ ብሎ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ይገርመኛል። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ አይደሉ? ባቲ ከኮምቦልቻ ተነስተህ ወደ ሚሌ ስትሄድ ነው፣ አምባሰል ከሐይቅ አለፍ ብሎ ነው፣ የሁለቱ ሀገር በአውቶብስ የሚደረስ ነው ማለት ነው። ላፕ ስቲል ተጫዋቾች በጣም የሚወዱት ሲ ሲክስ የሚባል ቅኝት አለ፣ ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ዶ ሚ ሶል ላ ዶ ሚ ናቸው። ሙሉ ትዝታ ምንድነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። አያችሁ? ሰውዬው ስለ ወሎ ሰምቶ አያውቅም፣ ጊታሩ ግን ሳይነካ ትዝታ ሊል ሬ ብቻ ነው የጎደለችው፣ እሷን ደግሞ ብረቷን ከዶ ክር ላይ ሁለት መስመር ከፍ አድርጎ ማምጣት ነው።

አምባሰል ግን ተንኮለኛ ነው፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። ብዙ ታገልኩት። በኋላ ያቺን ማንሻ ሚ ክር ላይ አሰርኳት፣ ጫን ሳደርጋት ሚ ፋ ሆነች፣ ስለዚህ ብረቷ ባለችበት ሆና ዶ፣ ፋ፣ ሶል አገኘሁ፣ ከዛ ብረቷን አንድ መስመር ብቻ ከፍ ሳደርጋት ዶ የነበረው ሬ ቤሞል፣ ሶል የነበረው ላ ቤሞል። በቃ ሙሉ አምባሰል፣ በአንድ መስመር ርቀት! ሌሊት ነበር፣ ጮህኩ፣ ሚስቴ ሌባ ገባ ብላ ተነሳች።

ይሄን ግኝት ይዤ የማውቃቸው ማሲንቆ ተጫዋች ጋ ሄድኩ፣ አያ ነው የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሰርግ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ስፒከሩን ሰካሁ፣ ተጫወትኩ፣ መብራት ጠፋ፣ ጠበቅን፣ መጣ፣ ደግሜ ተጫወትኩ። ብረቷን ከእጄ ወሰዷት፣ መዳፋቸው ላይ ገለባበጧት፣ ክብደቷን አዩ፣ መለሱልኝ። ከዛ ማሲንቋቸውን አንስተው እኔ የተጫወትኩትን አምባሰል ከነመንሸራተቱ፣ ከነማልቀሱ፣ በአንዷ የፈረስ ጭራ ላይ አወጡት፣ ማንሻ የለ፣ መስመር የለ፣ ማግኔት የለ። ሲጨርሱ ጊታሬን አይተው «ሌሎቹ አምስቱ ለምንድናቸው?» አሉኝ።

አልሙኒየሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ የሚገዛ ካለ ይጠንቀቅ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ክር እጥፍ በሚጠጋ ይለጠጣል፣ የመጀመሪያዎቹ መጥበሻዎችም የመድረክ መብራት ሲመታቸው ቅኝታቸው እየተዛባ አስቸግረው ነው ፋብሪካው በ1935 ባክላይት ወደሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የዞረው። እኛ ጋ የመድረክ መብራት አያስፈልግም፣ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ይበቃል። ደሴ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፣ ኮምቦልቻ በሀያ አምስት ኪሎሜትር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ጋቢ ለብሰህ ተሳፍረህ በሸሚዝ ትወርዳለህ። ጊታሩ ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም።

ኮምቦልቻ የዘመድ ሰርግ ነበር፣ «አንተም ሙዚቃ ታውቃለህ አይደል ትንሽ ነገር በል» ተባልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ አስተካክዬ ሳልጨርስ ይዛባል፣ እንደምንም ጀመርኩ። ችግሩ ይሄ ጊታር ቁጭ ብለህ ጭንህ ላይ ስለምታስተኛው ከጠረጴዛው ማዶ ያለ ሰው አያየውም፣ የሚታየው አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱ ላይ የሆነ ነገር የሚነካካ ሰው ነው። ሰርገኛው ድምፁ ከዲጄው መስሎት ይጨፍራል። ቪዲዮ ቀራጩ መጣ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ሙሽሮቹ ጎን ሆነህ ስልክ አትነካካ፣ ቪዲዮው ላይ ያስቀይማል» አለኝ። ቪዲዮው ሲወጣ አየሁት፣ ድምፄ አለ፣ እኔ ተቆርጫለሁ።

ሰሞኑን ሚስቴ ሳታማክረኝ አልሙኒየሙን ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ አወጣችው። ማስታወቂያውን ራሷ ናት የፃፈችው፣ «ከውጭ የመጣ፣ ብዙም ያልተነካ» ይላል፣ «ያልተነካ» የምትለዋ ለኔ የተፃፈች ናት። ስልኳ እስከ ማታ ጮኸ፣ ሁሉም «የመጨረሻ ስንት?» ነው፣ ምንድነው ብሎ የጠየቀ የለም፣ አንዱማ ዋጋ ካስቀነሰ በኋላ ነው «ግን ሶላር አለው?» ያለው። ሲመሽ አያ ደወሉ፣ የልጅ ልጃቸው አሳይቷቸው ነው።

«ልጄ፣ ጊታሩን ተዪው» አሏት፣ «ያቺን ብረት ብቻ ለይታችሁ ትሸጡልኛላችሁ?»

ሚስቴ ወደኔ ዞር ብላ አየችኝ፣ ከዛ ዋጋ ነገረቻቸው፣ የውጭውን።