ዩግ ደ ፓያን ቆፋሪ አልነበረም

በአማርኛ የታሪክ ገጾችና ቪዲዮዎች ላይ የሚደጋገም ወሬ አለ። ዘጠኝ ፈረሰኞች በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቆፈሩ፤ ታቦተ ጽዮንን ሲያጡ ዱካዋን ተከትለው ላስታ ገቡ፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያነጹትም እነርሱ ናቸው ይባላል። የቴምፕላሮች (በመስቀል ጦርነት ዘመን እንደ መነኩሴ ይኖሩ የነበሩ ፈረሰኞች) ማኅበር መሥራች ዩግ ደ ፓያንም የቁፋሮው አለቃ ተደርጎ ይቀርባል። ወሬው ሁለቱንም ወገን ይበድላል፤ የላስታን ጠራቢዎችም፣ ዩግንም። ሰውየው የሠራው ሥራ ከቁፋሮ ይልቅ የሚያስገርም ነው።

ዩግ በ1070 ገደማ የተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ስሙን በፈረንሳይ ሻምፓኝ ከትሯ ከተማ አጠገብ ካለችው ፓያን መንደር ያገኘ፣ የሻምፓኙ ኮንት (የግዛቱ መስፍን) ሎሌ የነበረ መካከለኛ ባላባት ነው። ሚስት አግብቶ ወልዷል፤ ልጁ ቲቦ በሳንስ ከተማ የቅድስት ኮሎምብ ገዳም አበምኔት ሆኗል።

ማኅበሩን የወለደው የመንገድ ችግር ነው። ከአውሮፓ የዘመቱት መስቀላውያን ኢየሩሳሌምን በ1099 ቢይዙም ከተሞቹን እንጂ መንገዶቹን አልያዙም። ወደ ዮርዳኖስ የሚወስደው ጎዳና ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች ወደ 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ገደላማ ነው፣ ውሃ የለውም፣ ለሽምቅ ግን የተመቸ ነው። በ1119 ፋሲካ በዚሁ በኩል ይጓዙ ከነበሩ ተሳላሚዎች 300 ያህሉ ተገደሉ፣ 60ው ተማረኩ። በዚያው ሰኔ መስቀላውያን የያዟት የአንጾኪያ ጦር ከነአዛዡ ሮጀር አለቀ። መንግሥቱ መንገድ የሚጠብቅለት ሰው አልነበረውም። ዩግና ጓደኞቹ በድህነት፣ በንጽሕናና በመታዘዝ ለመኖር በፓትርያርኩ ፊት ተሳሉ፤ ንጉሥ ባልድዊን ሁለተኛም በአል አቅሳ ከነበረው ቤተ መንግሥቱ ማደሪያ ሰጣቸው። መስቀላውያን ሕንጻውን የሰሎሞን ቤተ መቅደስ (በእነርሱ ቋንቋ ቴምፕል) ይሉት ስለነበር የማኅበሩ ስም ከዚያ መጣ።

በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ይኖር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ፣ የሻርትሩ ፉልሸር፣ ሕንጻው እየፈረሰ መሆኑንና የጣሪያው እርሳስ ሳይቀር መሸጡን በምሬት ጽፏል። እስከ 1127 ድረስ ሲጽፍ ግን ስለ ቴምፕላሮች አንድ ቃል አላነሳም። ቤተ መንግሥት ሥር ዘጠኝ ዓመት የሚቆፍር ማኅበር ከእንዲህ ያለ ወሬ አዳማጭ ይሰወር ነበር? ቁጥራቸውንም ቢሆን ከታሪክ ጸሐፊዎቹ የጢሮሱ ዊልያም ዘጠኝ፣ ሶርያዊው ሚካኤል ሠላሳ ይላል። ዘጠኝም ይሁኑ ሠላሳ፣ ከያፋ እስከ ዮርዳኖስ ያለውን መንገድ ለመጠበቅ አይበቁም።

ዩግ ይህ ገብቶታል። በ1127 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። የአንዡው ኮንት ፉልክ የንጉሥ ባልድዊንን ልጅ ሜሊሳንድን እንዲያገባ በተደረገው ድርድር ነበረበት። ከእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ አንደኛ ወርቅና ብር ተቀበለ፤ እንግሊዝንና ስኮትላንድንም ዞረ። በጥር 1129 ደግሞ በትሯ በተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆመ። (ሰነዱ 1128 ይላል፤ ጸሐፊዎቹ ዓመቱን የሚጀምሩት በመጋቢት ነበር። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖረው ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም።) ዩግ የማኅበሩን ልማድ በቃሉ አስረዳ፤ ጉባኤው መልካሙን አጸደቀ፣ የማይረባ የመሰለውን ጣለ። ስመ ጥሩው የክሌርቮ ገዳም አበምኔት በርናርድም ተገኝቶ ነበር።

የወጣው ሥርዓት ሲነበብ ምንኩስናን ለፈረሰኛ ልክ እንደሰፉት ይታያል። አብዛኛው ፈረሰኛ ላቲን ስለማያነብ፣ ከጸሎት ቤት ርቆ ከዋለ በመዝሙር ፈንታ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፤ ለሌሊቱ 13፣ ለሠርክ 9፣ ለሌሎቹ ሰዓታት 7 ጊዜ። ሥጋ በሳምንት ሦስት ቀን ይበላል፤ መነኩሴ እንኳ ቢሆን በጾም የደከመ ሰው ጋሻ አይሸከምም። ሲተኛ ሸሚዙንና ሱሪውን አያወልቅም፣ መብራትም አይጠፋም። በልጓምና በእርካብ ላይ ወርቅና ብር አይታይም። አደን ክልክል ነው፣ አንበሳ ሲቀር። እናቱንም ቢሆን ሴት አይስምም። ለአንድ ፈረሰኛ ሦስት ፈረስና አንድ ጋሻ ጃግሬ ይፈቀዳል። በማኅተማቸው ላይ ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ተቀምጦ ስታዩ ይህን አስታውሱ፤ ድህነታቸው የግለሰቡ እንጂ የማኅበሩ አልነበረም። ሦስት ፈረስ መኖና ባልደራስ ይፈልጋል፤ ዩግ በየአገሩ ርስትና ገንዘብ የለመነውም ለዚሁ ነው።

ልመናው ግን ዋጋ አስከፍሏል። የእንግሊዝ ዜና መዋዕል የመጀመሪያውን የመስቀል ጦርነት ካወጀው ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባን ዘመን ወዲህ ያን ያህል ሕዝብ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳልሄደ ይጽፍና፣ ታላቅ ጦርነት ተቃርቧል የተባለው ሲደረስ ውሸት ሆኖ ተገኘ ብሎ ይወቅሳል። ወቀሳው ጥቂት ያጋንናል፤ ጦርነት ነበር። በ1129 መጸው መስቀላውያን ደማስቆን ሊይዙ ዘመቱ፤ ስንቅ ፍለጋ የተላከው ክፍል ለዝርፊያ ተበታተነ፣ የደማስቆ ፈረሰኞችም ደርሰው ፈጁት። የቀረው ጦር ሊበቀል ሲነሳ ከባድ ዝናብ ያዘውና በታኅሣሥ ተመለሰ። ያ ሁሉ ቅስቀሳ አንድ ከተማ እንኳ አላስገኘም። ለእኔ የዩግ ትልቁ ውድቀት ይህ ነው፤ ሕዝብ ማንቀሳቀስ ሲችል፣ የተንቀሳቀሰውን የሚመግብ ዝግጅት አልነበረም።

በ1136 ሞተ። ማኅበሩን ከጳጳሳት ሥልጣን አውጥቶ በቀጥታ ከሮም ሥር ያዋለው ደብዳቤ የተጻፈው በ1139 ነው። ላሊበላ ላይ ተገኘ እየተባለ እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው የቴምፕላሮች ቀይ መስቀል በነጩ ካባ ላይ የተጨመረው በ1147 ገደማ ነው። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው ደግሞ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ፣ ዩግ ከተቀበረ አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።