ድምፄን ዘግተው «አልሰማንህም» አሉኝ

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ግማሽ ተከፈለኝ። ግማሽ! ምክንያቱን ስሙና እናንተው ፍረዱ።

የድግሱ አስተባባሪ ብሩን እየቆጠረ ለድራመሩ ሰጠ፣ ለሊድ ጊታሩ ሰጠ፣ ለኪቦርዲስቱ ሰጠ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«አንተ ምን ነበር የምትጫወተው?»

«ቤዝ ጊታር።»

«እኔ እኮ አልሰማሁህም ወንድሜ።»

እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ሙሽሮቹ ሲገቡ የቀረጸውን ቪዲዮ ከፈተልኝ። «ይኸው ስማ። ድራሙ አለ፣ ኪቦርዱ አለ፣ ዘፋኙ አለ። አንተ የታለህ?» ሚዜዎቹ ከበውን ይሰማሉ። የሙሽራዋ አክስት መሰሉኝ፣ አንዲት እናት፣ «ኧረ እኔ ቆሞ ሲወዛወዝ አይቼዋለሁ፤ ስጡት ምስኪን» አሉ። ስጡት! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆምኩ ነው የመሰልኳቸው?

በስልክ ስፒከር እኮ ነው የሚፈርድብኝ! የቤዝ ወፍራሙ ክር ክፍቱን፣ ጣት ሳይጫነው ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ነው የሚርገበገበው። ያቺ የስልክ ስፒከር ያንን ድምፅ ከየት ታምጣው? ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዳራሹም ውስጥ ድምፄ አልነበረም። ሳውንድ ማኑ ዘግቶኝ ነበር።

ከሰዓት ሳውንድ ቼክ ላይ «ዲአይ አለህ?» ስለው (ጊታሩን ከሚክሰሩ ጋር የምታገናኘዋ ትንሽ ሳጥን ናት) «ለዲጄው ላፕቶፕ ሰጥቻታለሁ፣ ቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካው ፋዘር፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም! የኔ ቤዝ ፓሲቭ ነው፣ ውስጡ ባትሪ የለውም። እንዲህ ያለው ቤዝ ሚክሰር ላይ በቀጥታ ሲሰካ ድምፁ ይሳሳል፣ ይታፈናል። ገመዱ ከመድረክ እስከ አዳራሹ ጀርባ ከሄደ ደግሞ የመብራቱን የጄኔሬተሩን ጩኸት ሁሉ ለቅሞ ያመጣል። ዲአይ ቦክስ የተሠራችው ለዚህ ነው። ልጁ ግን ጌይኑን፣ የሚገባውን ድምፅ ማጉያውን፣ እስከ ጥግ ከፈተው፣ እዝዝዝዝ የሚል ድምፅ አዳራሹን ሞላው፣ «ለጊዜው ልዝጋህ» አለ። ለጊዜው! ሙሽሮቹ ገብተው፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ሰው እስክስታ ወርዶ ወርዶ እስኪደክመው ድረስ አልከፈተኝም። እኔ እግሬ ስር ካለችው ትንሽ አምፕ ራሴን እሰማለሁ፣ ወፍራሙን ድምፅ ለአዳራሹ የሚያወጣው ስፒከር፣ ሳብዉፈሩ፣ ግን ጭጭ ብሏል። በእጄ ምልክት ሳሳየው አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ ይልልኛል። ከዚያ ስልኩን ማየት።

በኋላ ሄጄ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ምን ችግር አለው ፋዘር፣ ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይመታው የለ?»

ይህቺ ናት ያንገበገበችኝ። ከብሩም በላይ። አይቤክስና ሮሃ ባንድ ውስጥ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ሲጫወት የሰማ አገር ነው ይሄ። የባህል ምሽት ቤቶች እንኳ ቤዝ አስፈልጓቸው ቤዝ ክራር ሠርተው ያጫውታሉ። ችክችካ ሲመታ ቤዙና ከበሮው አብረው ካልረገጡ ምንድነው የሚጨፈረው? ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ የሚነካት መስመር አንድ ቦታ የምትመላለስ ናት፤ ዘፋኙ ሲያዘገይ አታዘገይ፣ ሲያሞቅ አታሞቅ።

«የራስህን ዲአይ አትይዝም ወይ?» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ነበረችኝ። ባለፈው ዓመት ሌላ አዳራሽ ውስጥ «ዕቃ ስንፈታ እንሰጥሃለን» ተብሎ እንደተሰካች ቀረች። ደውዬ ደውዬ «የትኛዋ ጥቁር ሳጥን?» ከማለት በቀር መልስ የለም። አሁን ሌላ ልግዛ ብል በምን? ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የክሩን ዋጋ ያየ ያውቀዋል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካልላከልህ አሮጌውን ክር ድስት ውስጥ ቀቅለህ፣ አድርቀህ መልሰህ ትጭናለህ። ቆሻሻውና ላቡ ሲለቅ ለጥቂት ሥራ ድምፁ ይመለሳል። ሙያተኛው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ግን እስከ መቼ?

ታክሲውስ! ዛሬም ረዳቱ «ጊታሩ ቦታ ይይዛል፣ የሁለት ሰው ክፈል» አለኝ። ከፈልኩ። አንድ ሰው ሆኜ በታክሲ የሁለት እከፍላለሁ፣ በሥራዬ ግን የግማሽ ሰው ይከፈለኛል።

ቤዝ የምትጀምሩ ልጆች፣ ይህን ከኔ ስሙ፦ ከጊታሩ ቀጥላችሁ የምትገዙት ዲአይ ይሁን፤ ፔዳሉ ይቆያል። ስማችሁን በቀለም ጻፉባት። ሁለት ገመድ ያዙ፣ ቤዛችሁ አክቲቭ ከሆነ ትርፍ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ መሀል ዘፈን ላይ ነው የሚያልቀው። ሳውንድ ቼክ ላይ ከመድረክ ወርዳችሁ አዳራሹ መሀል ቁሙና ስሙ፣ አምፓችሁን አትመኑ። ክፍያውን ደግሞ ግማሹን ቀድማችሁ ተቀበሉ። «እንተዋወቃለን» የሚል አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ሙሉውን።

እኔ ደክሞኛል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ምሽት ቤቱም ይቀዘቅዛል። በጥር የያዝናት ናት እስከ ፋሲካ የምታደርሰን፤ ከሷ ላይ ነው ሰውዬው የቆረሰብኝ። ዘግቶኝ ያመሸው ልጅ ሙሉ ተከፍሎታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያገለገለ ዲአይ የሚሸጥ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ከድራመሩ ጋር አስተባባሪው ቢሮ እንሄዳለን። ቀሪዬን ሳልቀበል አልወጣም።