ብቻዬን ነኝ ለማለት

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አንዱ ለቅሶ አለብኝ ብሎ፣ አንዷ ልጅ ላምጣ ብላ፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይል ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ጠፋ። (ይቺ የጃኬት ዘዴ አሁንም ትሠራለች!) ስልክ የማነሳው እኔ፣ ባለጉዳይ የማስተናግደው እኔ። ለአለቃዬ ላሳውቅ ቴሌግራም ከፈትኩ። አለቃዬ እንደኔው ሐበሻ ናት። የቢሮ መልእክት ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ጻፍኩላት፦ «አይ አም ሎንሊ ኢን ዘ ኦፊስ።»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወለች። «ምን ሆነህ ነው? ቤት ሰላም አይደለም እንዴ?» ሰኞ ጠዋት ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለኝ። ባለጃኬቱ ሳይቀር ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ማኪያቶ ጋበዘኝ።

ለካ «አሎን» ማለት ነበረብኝ። አሎን አጠገብህ ሰው የለም ነው። ሎንሊ ሆድ ሲብስህ ነው፤ ሠርግ ቤት መሃል ተቀምጠህም ይመጣል። ይህን ያጣራሁት ከተዋረድኩ በኋላ ነው። ጥፋቱ ግን የኔ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም «ብቻ» ብለው ተረጎሙልን። «ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ «አንተ ብቻህን ነህ ያልገባህ?» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ እንኳ አሎን ልሁን ሎንሊ አልነገሩኝም።

«ኦን ማይ ኦውን» እና «ባይ ማይሰልፍ» ደግሞ አሉ። አብሮኝ ሰው የለም ለማለትም፣ ማንም ሳያግዘኝ ሠራሁት ለማለትም ይሆናሉ። አሎን ራሱ ድሮ «ኦል» እና «ዋን» ተጣብቀው የወለዱት ነው። ሎንሊ ደግሞ ከአሎን ተቆርጦ የወጣ የልጅ ልጅ። ቤተሰብ ሆነው ነው የተረባረቡብኝ።

እንግሊዞቹማ ከቃሉ አልፈው በፈረንጆቹ 2018 ብቸኝነትን የሚመለከት ሚኒስትር ሾመዋል። እኛ ጋ ካፌ ብቻህን ከተቀመጥክ የሚመጣው «ሰው አለው?» የሚል ነው፤ ሳትመልስ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። ሦስቱንም ወስደውብኝ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ነው ብዬ ማኪያቶዬን በእጄ ይዤ የጠጣሁበት ቀን አለ።

ከተረት ሁሉ የምወደው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ነው። የምወደው ግን ስላልሠራ እየተናደድኩ ነው። ቢሯችን ውስጥ የምሳ ዕቃውን ክዳን እንደ አጥር አቁሞ የሚበላ ሰው አለ። ጥብስ የሆነ ቀንማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «እንብላ» ሲል አልሰማሁም። አልሞተም፤ እንዲያውም ወፍሯል። ሽሮዬን ሳካፍል የከሳሁት እኔ ነኝ። ማን መሰላችሁ? ባለጃኬቱ! አንድ ጉርሻ ያልቀመስኩበት ሰው ነው ሰኞ ዕለት «አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም» የሚለኝ። ዓርብስ የት ነበርክ?

ብቻ ተዉት። ትናንት አለቃዬ ሪፖርቱን ማን እንደሠራው በግሩፑ ላይ ጠየቀች። «አይ ዲድ ኢት» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። አሎን? ኦን ማይ ኦውን? ባይ ማይሰልፍ? እኔ ሳማርጥ ባለጃኬቱ ቀደመኝ፦ «ዊ ዲድ ኢት።»