ላም አለኝ በአራተኛ ፎቅ

ነገሩ የተጀመረው በእንቁላል ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ሱቅ አምስት እንቁላል ላመጣ ወረድኩና ጠዋት በከፈልኩት ዋጋ ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለሱቁ ብሩን አየት አድርጎ ይጎድላል አለኝ። «ኧረ ጠዋት እኮ በዚህ ነው የገዛሁህ!» ስለው፣ ረጋ ብሎ፣ «አባቴ፣ ጠዋት እኮ ጠዋት ነው» አለኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ሦስት እንቁላል ይዤ አራት ፎቅ ወጣሁ። ሊፍት የለንም። በየደረጃው ላይ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ስወጣ፣ በራችን ላይ ስደርስ ውሳኔው አልቆ ነበር።

«ገጠር እንገባለን» አልኳት ባለቤቴን።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሦስት ብቻ ነው ያመጣኸው?» አለችኝ።

የዚያን ማታ ከትልቁ ልጄ የሒሳብ ደብተር ከኋላ ጥቂት ገጾች ገንጥዬ ኑሯችንን አዲስ አድርጌ ጻፍኩት። ሥዕሉ እናንተም ዘንድ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ በኪሱ ይዞት ይዞራል። የሣር ክዳን ቤት (ወለሉ ግን ሴራሚክ)፣ ከጓሮ ጎመን፣ ቃሪያና ጌሾ፣ ከዛፉ ሥር ሁለት የንብ ቀፎ፣ ሃያ ዶሮ፣ አንዲት ላም፣ ጤፉ ከማሳ፣ ውሃው ከምንጭ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ሲሯሯጡ እኔ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ቡና እጠጣለሁ። ከገበያ የምንፈልገው አንዳች ነገር የለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት በዚህ ሥዕል ውስጥ እኔ ተቀምጫለሁ። የሚሠራው ማን እንደሆነ አይታይም።

ላሟን የፈረንጅ ዲቃላ አደረግኳት። የወረቀት ላም ዘሯን ለመምረጥ አታስቸግርም። በቀን 10 ሊትር አስታለብኳት፤ የዓመቱን አባዝቼ ለባለቤቴ አሳየኋት። ባለቤቴ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን እንደ ኦዲተር ነው።

«ሁዳዴስ?» አለች።

ሁዳዴን አላሰብኩትም። ላሟ አትጾምም። 55 ቀን በ10 ሊትር 550 ሊትር ወተት፣ ያውም ረቡዕና ዓርብን፣ ፍልሰታንና ነቢያትን ሳንቆጥር። የዓመቱን ግማሽ ያህል ቤታችን በማይጠጣ ወተት ሊጥለቀለቅ ነው።

«ቅቤ እናደርገዋለና!»

«ማን ነው የሚንጠው?»

ደብተሩን ዘጋሁት።

ቀጥሎ የመሬት ጥያቄ መጣ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው ይላል። ሕዝብ ውስጥ ደግሞ እኔም አለሁ። አገሪቱ ወደ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 110 ሚሊዮን ሄክታር ግድም ናት። ሕዝቡ ከዚያ ስለበለጠ ለአንድ ነፍስ አንድ ሄክታር አይሞላም፤ አምስት ነፍስ ላለው ለኛ ቤተሰብ ግን አራት ሄክታር አያንስም። በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ ክፍፍሉ ውስጥ ራስ ዳሸን ጫፉም፣ ዳሎልም እንደሚገቡ ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ የዕጣ ዕድል የለኝም፤ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ሆኜ የምኖረው ዕጣ በደረሰው ሰው ቤት ተከራይቼ ነው። የኔ ድርሻ ዳሎል ላይ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ቢወድቅስ? ጤፍ አይበቅል፣ ላም አትቆም። «ቢያንስ ጨው በነፃ ነው» አለች ባለቤቴ። ለማንኛውም በየካቲት 1967 የታወጀው መሬት ላራሹ ነው፤ መሬት ለአላሚው የሚል አዋጅ እስካሁን አልወጣም።

እስኪወጣ ድረስ በረንዳው ላይ ልለማመድ አልኩ። የሌማት ትሩፋት ከመጣ ወዲህ ቴሌቪዥኑ ዶሮ የሌለበት ጓሮ አያሳይም፤ የኔ በረንዳ ከማን ያንሳል? አራት የ45 ቀን ጫጩቶች ገዛሁ። ሻጩ «ሁሉም ሴት ናቸው» ብሎ በእናቱ ማለልኝ። ልጆቹ ቺፕስ፣ ፒዛ፣ በርገርና ኬክ ብለው ስም አወጡላቸው። የገጠር ኑሮ ዝንባሌያቸው ከዚህ ይጀምራል።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሌሊት በ10 ሰዓት ቺፕስ ጮኸ። በነጋታው ፒዛ ተቀበለው። በሳምንቱ በርገር ሲጨመር የሻጩን እናት አሰብኳቸው። የሕንጻው ኮሚቴ «በ4ኛ ፎቅ የሚሰማውን ድምፅ ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ ማኅተም አድርጎ በበሬ ሥር አስገባ። ብቸኛዋ ሴት ኬክ ሰባት እንቁላል ጥላ ፈንግል ወሰዳት። የመኖውን፣ የክትባቱንና የቆርቆሮውን ወጪ ለሰባት ሳካፍለው ባለሱቁ ቅዱስ ሰው ሆኖ ታየኝ። ለፋሲካም ስም የወጣለትን ዶሮ ማን ይረድ! ልጆቹ በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ሾላ ወርጄ ስም የሌለው ዶሮ ገዝቼ ገባሁ። ሦስቱ ጎረምሶች ጥበቃው ቤት ሄደው የት እንደደረሱ አልጠየቅኩም፤ ጥበቃው ግን በዓሉን ደስ ብሎት ነው የዋለው።

ሰው እዚህ ላይ ይነቃል። እኔ ግን ጥፋቱን በፎቁ ላይ ጣልኩት። ሐምሌ ላይ የዓመት ፈቃድ ወስጄ፣ ትልቁን ልጄን አስከትዬ፣ ምንጃር አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። ከ18 እስከ 23 አርሼ፣ ዘርቼ፣ ሙያ ቀስሜ ልመለስ። 18 መንገድ ላይ አለቀ። 19 የሐምሌ ገብርኤል ነው፣ ሞፈር አይነሳም። 20 እሑድ ዋለ። 21 ማርያም። 23 ጊዮርጊስ። ለግብርና የቀረችኝ 22 ብቻ ነበረች።

በ22 ማለዳ ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣን። የምንጃር ዋልካ እርጥብ ሲሆን ጫማ ይነጥቃል፤ ማሳው ሳንደርስ የግራ እግሬ ጫማ እዚያው ቀረ። አጎቴ ትንሽ አሳይተውኝ እርፉን ለቀቁልኝ። ከሩቅ ሲታይ በሬዎቹ የሚጎትቱት፣ ሰውየው የሚከተል ነው የሚመስለው። ስትይዘው ግን ማረሻው አንዴ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንዴ ደግሞ ወደ መሬት እምብርት ይሰምጣል፤ በአንድ እጅ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ፣ በአፍ ደግሞ ቦራ የሚባለውን በሬ ማባበል አለ። አምስት እርምጃ እንደሄድኩ ልጄ እየቀረጸኝ መሆኑን ለማየት ዞር አልኩ። በሬዎቹ ዞር አላሉም። ድንበሩን አልፈን የሰው ማሳ ላይ አንድ ረጅም ትልም አወጣን።

አጎቴ እርፉን ተቀበሉኝና፣ «እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያየውን ወንጌሉም አልተቀበለው፤ የድንበር ክስ ሳታመጣብኝ ዳር ቁም» አሉኝ።

ጥላ ሥር አረፍ ስንል የሆዴን አወጣሁላቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ ራሴን መቻል ነው የምፈልገው።»

ደነገጡ። ወደ ልጄ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ሦስት ልጅ ወልደህ? እስካሁን ማን እየጦረህ ነበር?»

እንደዚያ አይደለም፣ ሁሉን ከጓሮዬ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ከገበያ ሳልደርስ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ጎንበስ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በጅራፉ እጀታ ወደ በሬዎቹ አመለከቱ። ቦራ የእሳቸው ነው፤ ዳልቻው የጎረቤት ነው፤ የሁለቱ አንዳንድ በሬ መቀናጆ ሆኖ ነው ሁለቱም የሚያርሱት። አጨዳው በደቦ ነው። ቀብሩ በዕድር ነው። «አንተ ራስህን ቻልክና ከማን ጋር ልትቀናጅ ነው?» አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የአጎቴ ሚስት ለገበያ እንቁላል በጭድ እየደረደሩ ነበር። አንድ ሙሉ ቅርጫት። በዓይኔ ስቆጥረው ምራቄን ዋጥኩ።

«ለምን ራሳችሁ አትበሉትም?»

«እሱን በልተን ጨዉን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን በምን እንግዛ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አያቶቻችን ሁሉን ከማሳቸው ያገኙ ነበር የምንለው ተረት ነው፤ ጨው ከአፋር በግመል እየተጫነ እስከ ደጋው ይወጣ ነበር፤ አሞሌው ገንዘብ እስኪሆን ድረስ ሁሉም ይፈልገው ነበር። ዳሎል ዕጣ ቢደርሰኝ ምን ያህል ሀብታም እሆን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ነጋዴው ከገበያው ሰብስቦ የሚጭነው እንቁላል ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ነው።

በ23 ስንለይ የአጎቴ ሚስት ሃያ እንቁላል በጭድ ቋጥረው ሰጡኝ። አንድም ሳይሰበር ሰፈር ደረስኩ። ከደረጃው ሥር ስደርስ ባለቤቴ ደወለች።

«ስትመጣ ጨው ያዝ፤ አልቋል።»

ባለሱቁ ጭዱን ሲያይ ዓይኑ በራ። «የሐበሻ ነው? በስንት ትተውልኛለህ?» አለኝ። ነገርኩት።

«ኧረ አባቴ! እኔ ራሴ ጠዋት በዚህ አልሸጥኩም!»

«ጠዋት እኮ ጠዋት ነው» አልኩት፤ ጨዉንም ከሂሳቡ ላይ አስቀነስኩ።