«ዛሬ አይሆንም» ማለት የምትችል ፀጉር ሠሪ

በሳሎን በር ላይ የሚለጠፍ «ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ልምድና ፍጥነት። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ልምዱ ይረሳና ፍጥነቱ ብቻ ይቀራል። የጥር ሙሽራ ከነሚዜዎቿ፣ ከውጭ የገባች እህት፣ ለከተራ ሹሩባ የምትፈልግ ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ወንበር ይጠብቃሉ። ባለሳሎኗ በቀን ስንት ራስ እንደሚወጣ ታሰላለች፤ እጀ ፈጣኗ ትቀጠራለች። የዚህ ስሌት ዕዳ የሚመጣው ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ የደንበኛዋ የግንባር ፀጉር ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው። ያን ጊዜ ማን ምን እንደሠራባት አታስታውስም። «ፀጉሬ ድሮም ስስ ነው» ብላ ዊግ ትገዛለች።

ፀጉር ሠሪ ስንቀጥር ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብን የቱን ሥራ፣ በየትኛው ራስ ላይ፣ መቼ እንደማትሠራ ነው። ፈጣን እጅ በስድስት ወር ይለመዳል። ገንዘብ ይዛ ለመጣች ደንበኛ «ዛሬ አይሆንም» ማለት ግን ከእውቀት ይመጣል፤ እውቀቱ ቢኖርም የሳሎኑ አከፋፈል ካልፈቀደላት አትለውም።

ቃለ መጠይቅ ብቻውን ይህን አያሳይም፤ ሁሉም «እችላለሁ» ይላል። የብቃት ምዘና ወይም ሲኦሲ ወረቀት ካላት መልካም ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ የደከመች ቀን እጇ እንዴት እንደሚጎትት አይናገርም። ግማሽ ቀን የሚወስድ የተግባር ፈተና ያስፈልጋል። ለግማሽ ቀኑም ይከፈላት፤ በነፃ የሚያሠራ ሳሎን ጥሩ ባለሙያ አያገኝም።

የፈተናው ዋና ክፍል የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ማበጠሪያ ከማንሣቷ በፊት ፀጉሩን ከፍላ የራስ ቆዳውን በብርሃን ታያለች ወይ? ግንባር፣ ከጆሮ በላይ ያለው ጠርዝ፣ መሐል አናትና ማጅራት መታየት አለባቸው። መሐል አናቱ ብቻ እየሳሳ ወደ ዳር የሚሰፋ ከሆነ ጠባሳ የሚተው ሕመም ሊሆን ስለሚችል ኬሚካል የሚቀባበት ቀን አይደለም፤ ደንበኛዋ የቆዳ ሐኪም ማየት አለባት። ሕፃን ይዛ ለመጣች እናትም እንዲሁ ነው። ክብ ሆኖ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለውና ፀጉሩ ከሥሩ የተቆራረጠ ቦታ ካለ ቆረቆር ተጠርጥሮ ሥራው ይቆማል። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ የሚቀባ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም የሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ተፈታኟ ይህን ለእናቲቱ ሳታሳፍራት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መናገር ከቻለች ግማሹን ፈተና አልፋለች።

ቀጥሎ ማበጠር ነው። ችኩል እጅ ማበጠሪያውን ከሥር አስገብቶ ወደ ታች ይስባል፤ ቋጠሮው ይጠብቅና ፀጉሩ ይበጠሳል። የሚያውቅ እጅ ፀጉሩን በኮንዲሽነር አርሶ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጣል ጥሩ ነው። «ሹሩባዋን ከወር በኋላ ስትፈታ እፍኝ ሙሉ ፀጉር ወጣና ደንበኛዋ ልታለቅስ ነው። ምን ትያታለሽ?» ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር በተፈጥሮው ይረግፍበታል። ሹሩባ ውስጥ ያለው መውደቂያ ስላላገኘ የሠላሳው ቀን፣ ከ1500 እስከ 3000 የሚደርሰው፣ በአንድ ጊዜ ይወጣል። መለያው ሥሩ ነው። በጊዜው የረገፈ ፀጉር ሥሩ ላይ ትንሽ ነጭ ጉብታ ይታያል፤ የተበጠሰው ግን አጭርና ጉብታ የሌለው ነው። ወለል ላይ ከወደቀው አንሥታ ይህን የምታሳይ ባለሙያ ደንበኛዋን አረጋግታ ትልካለች። «ቅቤ ተቀቢ» ብላ የምትሸኝ ግን ጥያቄውን አልሰማችውም።

ቅቤን ካነሣን አይቀር፣ ለጋ ቅቤን የምትንቅ ባለሙያም፣ ለሁሉም ራስ የምታዝም አትሁን። ቅቤ ፀጉሩን ሸፍኖ መፋተግን ይቀንሳል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ አየር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፎረፎር ያለበት የራስ ቆዳ ላይ ሲከማች ግን ያባብሰዋል። ሳይታጠብ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ ብረት) ቢያርፍበትም ፀጉሩን ይጠብሰዋል።

አሁን ወደ ሹሩባ። ለጎንደር ሳሎን ከሁሉም የሚከብደው ፈተና ይህ ነው፤ ምክንያቱም ደንበኛዋ ራሷ «ጠበቅ አድርጊልኝ፣ እንዲቆይልኝ» ትላለች። የፀጉር ሥር ያለማቋረጥ ሲጎተት ይቆጣል፤ በየሥሩ ሽፍ የሚሉት ትናንሽ እብጠቶች የዚያ ምልክት ናቸው። ጉተታው ቶሎ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና የግንባሩና የጆሮ ግንዱ ጠርዝ እንደተመለጠ ይቀራል። ፀጉሩ በሪላክሰር፣ ማለትም ፀጉርን በሚያለሰልሰው ኬሚካል፣ የተዳከመ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይጨምራል።

ተፈታኟ ግንባሩ ላይ ያሉትን ለስላሳ አጫጭር ፀጉሮች ከጉንጉኑ ውጭ መተው አለባት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮች ላላ አድርጋ ትጀምርና ወደ ውስጥ ስትገባ ታጠብቃለች። ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ከማብዛት ወፈር ያለ መስመር ይሻላል፤ የጉተታው ኃይል ለብዙ ፀጉር ይካፈላልና። የሚቀጠለው ፀጉር ከበዛ ክብደቱ ቀን ከሌት ሥሩን ይስባል። ሥራው ሲያልቅ ሞዴሏ ቅንድቧን ከፍ ዝቅ ታድርግ፣ አንገቷን ታዙር። ቆዳው አብሮ ከተሳበ፣ ቅንድቧም ከወትሮው ቦታው ሽቅብ ከተነሣ፣ ጠርዙ ተፈትቶ እንደገና ይሠራ። «የመጀመሪያው ሌሊት ያማል፣ ከዚያ ይለምዳል» የምትል ተፈታኝ መልሷን ሰጥታለች። ማስታገሻ የሚያስውጥ ሹሩባ ሙያ ተብሎ መወደስ የለበትም።

የሪላክሰሩን ፈተና በሰው ላይ አናድርገው። በቃል ትናገር፣ በዊግ ላይ ታሳይ። የምትነግረን የአሠራር ቅደም ተከተል ከጥያቄ መጀመር አለበት። የመጨረሻው መቼ ተቀባ? ከ8 ሳምንት በታች ከሆነ አይሠራም። ፀጉር በወር በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ነው የሚያድገው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያልሞላ አዲስ ፀጉር ላይ ቀድሞ የተቀባውን ሳይነኩ መቀባት አይቻልም። ድርብ የተቀባው ቦታ ደግሞ ከዚያው መስመር ላይ ይቆረጣል። ባለፉት ሁለት ሦስት ቀናት ታጥባለች፣ አክካለች ወይም ሹሩባ ፈትታለች? ከሆነ ቆዳው ተላልጧልና ትቆይ። ከዚህ በፊት ፔርም (ፀጉርን በኬሚካል መጠቅለል) ተሠርታለች? የፔርሙ ኬሚካልና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ሪላክሰር በአንድ ፀጉር ላይ አይስማሙም፤ ፀጉሩ እንደ ረጠበ ወረቀት ይበጣጠሳል።

ከጥያቄው በኋላ ቫዝሊን በግንባር፣ በጆሮ፣ በማጅራትና በራስ ቆዳው ላይ፤ ጓንት በእጅ፤ ሰዓት ከፊት። የግንባሩ ጠርዝ ስስ ስለሆነ መጨረሻ ይቀባል። ደቂቃው ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ነው፤ «ትንሽ ታገሺ፣ እንዲይዝልሽ» የሚባል ነገር የለም። የዚህ ኬሚካል ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ12 በላይ ነው፣ የራስ ቆዳ ደግሞ 5.5 አካባቢ። ማቃጠል ሲጀምር ቆዳው መላጥ ጀምሯል ማለት ስለሆነ በዚያው ቅጽበት ይታጠባል። ለብ ባለ ወራጅ ውሃ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ፣ ከዚያም ማርከሻ በሆነው ሻምፖ ሁለት ሦስት ጊዜ። ብዙዎቹ ሻምፖዎች ቀሪ ኬሚካል ሲያገኙ አረፋቸው ሮዝ ይሆናል፤ ነጭ እስኪሆን መድገም ነው።

ውሃው ላይ ቆም እንበል። ጎንደር ውስጥ ቧንቧ ለቀናት የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ለከተማው ሰው መንገር አያስፈልግም። ሪላክሰር ከተቀባ በኋላ ውሃ ቢያልቅ ኬሚካሉ ፀጉሩ ላይ ሥራውን ይቀጥላል። በጆግ እየቆጠቡ ማጠብም ግማሹን ይተዋል። ስለዚህ ለፈተናው ይህን አንሡ፦ «ቧንቧው የለም፣ በርሜሉ ግማሽ ነው፣ ሦስት ደንበኞች ሪላክሰር ይፈልጋሉ።» ለአንድ ራስ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ሳይዙ የሪላክሰሩን ክዳን መክፈት አይገባም። በርሜሉን ሄዳ በዓይኗ አይታ፣ ለክታ፣ «ለአንዷ ብቻ ይበቃል» የምትለዋ ትቀጠር።

በሙቀት ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፒያስትራ ሲያርፍበት ትስ ይላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፀጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ለስስና ለተቀለመ ፀጉር 150 ዲግሪ፣ ለጤነኛ ወፍራም ፀጉር እስከ 180 ይበቃል፤ ያው መስመር ላይም ከሁለት ጊዜ በላይ አይታለፍም። ቁጥር የማያሳይ ፒያስትራ ከሆነ በነጭ ወረቀት አምስት ሰከንድ ይያዝ፤ ወረቀቱ ቡናማ ከሆነ ይቀዝቅዝ። ፀጉርን በቢጎዲን (በፀጉር መጠቅለያ) ጠቅልሎ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋ ማድረቂያ) ሥር ማስቀመጥ ጊዜ ቢወስድም ከዚህ ሁሉ የዋህ ነው።

መለያ የሌለውን «ኬራቲን» በተመለከተ ግን አቋሜ ጠንካራ ነው። ከእነዚህ ማለስለሻዎች ብዙዎቹ በፒያስትራ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ። ይህ ጋዝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተመደበ ነው። ደንበኛዋ በሦስት ወር አንዴ ትተነፍሰዋለች፤ ሠራተኛዋ ግን በየቀኑ። ዓይን የሚያስለቅስ ጠርሙስ ይዛ «ይሄ ፎርማል የለውም» የምትል ተፈታኝ የጽሑፉን ዝርዝር ታሳይ፤ ጽሑፍ ከሌለው ከሳሎኑ ይውጣ።

ንጽሕናን በአንድ ነገር መፈተን ይቻላል፦ ማበጠሪያ እንዴት ታጸጂያለሽ? በመጀመሪያ ፀጉሩ ይነቀል፣ በሳሙና ይታጠብ፤ ቅባትና ቆሻሻ ያለበት ላይ በረኪና አይሠራም። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ተቀላቅሎ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፤ ታጥቦም ይድረቅ። መቀስን በረኪና ያዝገዋልና በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። ድብልቁ በየቀኑ ይለወጥ።

ይህን ሁሉ ያለፈች ባለሙያ ተቀጥራ በሁለተኛው ወር እንደ ሌላው ልትሠራ ትችላለች፤ ጥፋቱም የባለቤቷ ይሆናል። በየራሱ ፐርሰንት የምትከፈል ሠራተኛ «ቆዳሽ ተላልጧል፣ በሁለት ሳምንት ተመለሽ» ባለች ቁጥር ከራሷ ኪስ ትከፍላለች። ኅሊና ጥሩ ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በኅሊና አይከፈልም። መነሻ ደመወዝ ይኑራት። የትሪትመንትና የጫፍ መቁረጥ ፐርሰንት ከሪላክሰሩ እንዳያንስ ይደረግ። መልሳ የላከቻት ደንበኛ ተመልሳ ስትመጣም ሥራው የእሷ ይሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሳሎን ይህ አሥር ሳምንት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሪላክሰር የተቀባች ደንበኛ ለአዲስ ፀጉሯ የምትመለሰውም በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። ለእያንዳንዷ ደንበኛ ቀኑ፣ የምርቱ ስም፣ ደቂቃውና የግንባሯ ጠርዝ ሁኔታ በደብተር ከተጻፈ፣ ሙከራው ሳያልቅ የባለሙያዋ ሥራ በተመለሱት ራሶች ላይ ይነበባል። ያው አዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል። ለጥምቀት ሳምንት ይህ ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሞ የጎነጎነ እጅ የጉተታውን መጠን አያውቀውም።

«እኛ እምቢ ብንል ጎረቤት ሳሎን ይሠራላታል» የሚለው መከራከሪያ እውነት አለው፤ አንዳንዷ ትሄዳለች። ስለዚህ እምቢታው ከአማራጭ ጋር ይምጣ። «እትዬ፣ ዛሬ ሪላክሰሩን አልቀባዎትም፣ እዚህ ጋ ቆስለዋል። በቢጎዲን ላስተካክልልዎትና ለበዓሉ ያምርብዎታል» ስትባል ቆማ የምትወጣ ብዙ አይደለችም።

የጥምቀቱን ግርግር ደግሞ ባለሳሎኗ ራሷ ልትበትነው ትችላለች። አዲስ ሪላክሰር የተቀባ ፀጉር ሹሩባ ከመሠራቱ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ማረፍ አለበት። ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለምትፈልግ ደንበኛ ሪላክሰሩ ይቅርባት። ደብተሩ ላይ ያሉት ግን ኅዳር መጨረሻ ላይ ይደወልላቸው፤ ሪላክሰር የሚፈልጉ እስከ ታኅሣሥ 20፣ ሹሩባ የሚፈልጉ ከጥር 5 ጀምሮ። ቀጭን ሹሩባ ሦስት አራት ሰዓት ስለሚወስድ ለአንዲት ሠራተኛ በቀን ሁለት ራስ ብቻ ይያዝ፤ ለሦስተኛዋ ደንበኛ ለማግሥቱ ቀጠሮ ይያዝላት።