ለአጨብጫቢ ክብር ይገባዋል

አጨብጫቢን የሚንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ሥራው ቀላል ይመስላቸዋል።

እስቲ የሩማንያውን ኒኮላይ ቻውሼስኩን ተመልከቱ። እንደ ፈረንጆቹ በ1918 ገጠር ተወለደ። በልጅነቱ የጫማ ሰፊ ረዳት ነበር። ትምህርቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1965 የአገሪቱን ገዢ ኮሚኒስት ፓርቲ ያዘ፤ በ1974 ፕሬዚዳንት ተባለ። ታዲያ ጫማ ሰፊውን በአገሩ ተራሮች ስም «የካርፓቲያ ሊቅ» ያደረገው ማን ሆነና? ጭብጨባ ነዋ!

ሲሾም በትረ መንግሥት ጨበጠ። ኮሚኒስት ሆኖ! ሰዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ይህንን ታሪካዊ ተግባር አደነቅሁ ብሎ ቴሌግራም ላከ። ለይቶለት ሽሙጥ ነው። የፓርቲው ጋዜጣ ግን ደስ ብሎት አተመው። ጎበዝ አጨብጫቢ እንዲህ ነው። ሙገሳ ከመጣ አገላብጦ አያይም።

በጥባጭ መቼም አይጠፋም። በ1979 የፓርቲው ጉባኤ ላይ ኮንስታንቲን ፐርቩሌስኩ የሚባሉ አዛውንት ተነሱ። ዕድሜያቸው 84 ነው። ሰውየው የአገሩን ችግር ትቶ ለራሱ ሹመት ይሯሯጣል፣ እኔ አልመርጠውም አሉ። ጉባኤተኛው ታዲያ ተከራከራቸው? ኧረ በፍጹም! ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ቻውሼስኩ ይመረጥ!» እያለ አዳራሹን አናጋው። ክርክር ቢሆን ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር!

በ80ዎቹ ደግሞ የውጭ ዕዳ ልክፈል ብሎ የአገሩን ምግብ ወደ ውጭ ጫነው። ሕዝቡ ዳቦ በራሽን ሆነ። ክረምት ላይ ቤቱ በረዶ ነው። በዚህን ጊዜ ማጨብጨብ ቢያንስ እጅ ያሞቃል።

ጭብጨባ የድሃ አገር ሥራ እንዳይመስላችሁ። በ1978 ለንደን ቻውሼስኩን ከንግሥቲቱ ጋር በሠረገላ አንሸራሸረችው፤ የክብር ኒሻንም ሰጠችው። ባለቤቱ ኤሌናም የኬሚስትሪ ሊቅ ተብላ ተከበረች። ጥናቱን የሚጽፉላት ሌሎች ነበሩ፤ እሱ ዝርዝር ነው።

ኖቬምበር 1989 ላይ የበርሊን ግንብ ፈረሰ። እዚያው ወር ውስጥ ጉባኤው ቆሞ እያጨበጨበ ቻውሼስኩን እንደገና መረጠው። ዲሴምበር 21 ቡካሬስት ላይ ሰገነት ወጣ። ታች ከየፋብሪካው የተሰበሰበ ሠራተኛ ባንዲራና የመሪውን ፎቶ ይዞ ቆሟል። በመሃል ከወደ ኋላ ጩኸት ተሰማ። ቻውሼስኩ እጁን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ። ከዚያ «አሎ! አሎ!» ማለት ጀመረ፣ ስልክ እንደተቋረጠበት ሰው። ዝቅተኛው ደመወዝ ላይ 200 ሌይ (የአገሩ ገንዘብ) ጨምሬያለሁ ቢልም ሰሚ አጣ። እዩት፣ እጅ ሲሰበሰብ አገር እንዴት እንደሚበላሽ! በማግስቱ ከጣሪያ ላይ በሄሊኮፕተር ሸሸ፤ በ25 ከነሚስቱ ተረሸነ።

የለንደን ጥንቃቄ ግን ሳይነሳ ማለፍ የለበትም። ኒሻኑን የገፈፈችው በ24 ነው። ሊረሸን አንድ ቀን ሲቀረው። ምነው እንዲህ ተቻኮለች?