ጄማ ቻን ከሞዴልነት ዘላ ሆሊዉድ አልገባችም

ስለ እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጄማ ቻን «ሞዴል ነበረች፣ ቁንጅናዋን አይተው ፊልም ላይ ወሰዷት» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው፣ እኔም ድሮ ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ ኦክስፎርድ ሕግ ተምራ ነው የተመረቀችው። ስሎተር ኤንድ ሜይ የሚባለው የለንደን ትልቅ የሕግ ድርጅት ሥራ አቅርቦላት ነበር፤ እሱን ትታ ነው ትወና ልማር ብላ ድራማ ሴንተር ለንደን የገባችው። (ሐበሻ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላክባት ነበር!) ሞዴሊንጉ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። የትምህርት ወጪዋን የምትሸፍንበት ሥራ ነበር እንጂ ወደ ፊልም የወሰዳት መኪና አይደለም። በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፕሮጀክት ካትዎክ የተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ውድድር ላይ የታየችውም ልብስ ለብሳ ለማሳየት ነው፣ ዋናዎቹ ተወዳዳሪዎች ዲዛይነሮቹ ናቸው።

ከዛስ? በ2009 ዶክተር ሁ የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ላይ ትንሽ ሚና፣ ከዛ እዚህም እዚያም ብቅ እያለች ቆይታ በ2015 ሂውማንስ የተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ሰው መሳይዋን ሮቦት ሆና መጣች። ለኔ ምርጥ ሥራዋ እሱ ነው፤ ዓይኗን ብቻ አይተህ ውስጧ የሆነ ነገር እንዳለ ታውቃለህ፣ ይሄ ደግሞ በፎቶ መነሳት አይለመድም። ሁላችንም ያወቅናት ክሬዚ ሪች ኤዢያንስ የተባለው ፊልም የወጣው በ2018 ነው፣ ከዶክተር ሁ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

የልዕለ ጀግና ፊልሞች የሚሠራው ማርቭልም ቢሆን ሁለቴ ነው የወሰዳት፦ በ2019 ካፒቴን ማርቭል ላይ፣ በ2021 ደግሞ ኢተርናልስ ላይ፣ ያውም ሌላ ገጸ ባሕርይ ሆና።